የሁለት አይሲዩ ሪቪው፦ ዲፖዚት ከመክፈላችሁ በፊት "ሀላፊው ማነው?" በሉ

ሁለቱንም ሆስፒታል በስም አልጠራም፣ ኢንቦክስ መጥታችሁም አትጠይቁኝ። ሁለቱም አዲስ አበባ ያሉ የግል ሆስፒታሎች ናቸው፣ ሁለቱም አይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) አላቸው፣ ዋጋቸውም ያን ያህል አይራራቅም። ለአንዱ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ፣ ለሌላው አንድ፣ እሷንም ለማሽኖቹ ስል ነው። እዚ ላይ ብዙ ሰው ስለ አይሲዩ ሲጠይቅ "ቬንትሌተር (የሚያስተነፍስ ማሽን) አላቸው ወይ፣ አልጋው ስንት ነው፣ በቀን ስንት ይላሉ" ነው የሚለው፣ እኔም እንደዛው ነበር የጠየቅኩት፣ ከዛ ያየሁት ነገር ሌላ ሆነ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ስኳር አለባት፣ ግፊትም አለባት፣ ጉንፋን ነው ብላ ዳማከሴና ዝንጅብል ስትል ከርማ ሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፣ ከዛ ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል ተባለ፣ ፕሬዠሯ ወረደ፣ ኩላሊቷም መነካካት ጀመረ። ዋርድ ላይ ኦክስጅን ቢያደርጉላትም አልያዝ አላት፣ አይሲዩ ትግባ አሉ። እኛም ቤተሰብ ተሯሩጠን ዲፖዚቱን አሟልተን አስገባናት።

የመጀመሪያው ሆስፒታል አይሲዩ የምር ያምራል። ቬንትሌተሩ አዲስ ነው፣ ሞኒተሩ የሳሎን ቲቪ ያክላል፣ አልጋው በሪሞት ነው የሚነሳው፣ ወለሉ ያብረቀርቃል። ግን ከገባች በኋላ "ስለሷ የሚወስነው ማነው" ስንል መልስ የሚሰጠን ጠፋ። ጠዋት ኢንተርኒስቱ (የውስጥ ደዌ ሀኪሙ) ይመጣል፣ ቻርቱ ላይ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ከሰአት የኩላሊት ሀኪሙ ይመጣል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። የልብ ሀኪሙ ደሞ ሌላ ሆስፒታል ስራውን ጨርሶ ማታ ነው የሚደርሰው። እያንዳንዳቸው ጎበዝ ናቸው በዚ አልከራከርም፣ ግን እርስ በርስ አይገናኙም፣ የሚያወሩት በወረቀት ነው። አንድ ቀን አንደኛው ፍሉይድ ይጨመርላት ብሎ ጽፏል፣ ሌላኛው ላሲክስ ብሎ ጽፏል። ለማያውቅ ሰው፣ አንዱ ውሃ ወደ ሰውነት ያስገባል ሌላው በሽንት ያስወጣል። ነርሷ ሁለቱን ትእዛዝ ይዛ ቆማ "እኔ የቱን ላድርግላቸው?" ትላለች፣ ትደውላለች አያነሱም፣ ዲዩቲ ላይ ያለው ጂፒ (ጠቅላላ ሀኪም) ደሞ "ሲኒየሮቹ ይነጋገሩበት" ይላል፣ ልጁም አይፈረድበትም፣ ከሲኒየር ትእዛዝ አንዱን ሰርዞ ነገ ማን ይጠይቀዋል? እስከ ማታ አንዱም ሳይደረግላት ቀረ። ያቺ ነርስ የዛን ቀን አራት በሽተኛ ይዛለች፣ አራቱም ማሽን ላይ ናቸው። አክስቴ ሀኪም አላጣችም፣ ሀኪም ሞልቷታል፣ ባለቤት ነው ያጣችው።

የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ አይሲዩ ነርስ ናት (ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዛ ሆስፒታል ገብቶ አበሻ ነርስ ሳያገኙ መውጣት ይከብዳል)። በዋትሳፕ ደወልንላት፣ እኛ የመድሀኒት ዝርዝር ፎቶ አንስተን ልንልክላት ስንዘጋጅ እሷ ስለ መድሀኒት ምንም አልጠየቀችም። "የአይሲዩው ሀላፊ ሀኪም ማነው? ሌሊትስ ማን ነው ያለው? ነርሷ ስንት ሰው ይዛለች? ራውንድ (ሀኪሞቹ በሽተኞቹን አልጋ ላልጋ እየዞሩ የሚያዩበት) በስንት ሰአት ነው፣ ነርሷ ራውንዱ ላይ ትናገራለች ወይስ ፋይል ይዛ ከኋላ ነው የምትከተለው?" አንዱንም መመለስ አልቻልንም። ትንሽ ዝም አለችና "ለመንቀሳቀስ የምትችል ከሆነ አውጧት" አለችን።

ሁለተኛው ሆስፒታል ህንፃው ያረጀ ነው፣ ሊፍቱ አንዳንዴ አይሰራም፣ ሞኒተሮቹም የድሮ ናቸው። ልዩነቱ ገና ሳንሄድ ነው የጀመረው። እዛ ያለችው የአይሲዩ ሀላፊ ሀኪም ራሷ ለላኪው ሆስፒታል ደውላ ፕሬዠሯ ስንት ነው፣ የፕሬዠር መድሀኒቱ በምን ያህል እየሄደ ነው፣ አምቡላንሱ ውስጥ ማን አብሮ ነው የሚመጣው ብላ ጠየቀች፣ አንስቴቲስት (የማደንዘዣ ባለሙያ) ካልተሳፈረ አትነሳም ብላ ቁርጥ አደረገችው። እኛ የተናደድነው ጊዜ ገደለች ብለን ነበር። መንገድ ላይ ኦክስጅኗ ሲወርድ ያንን አንስቴቲስት አምቦ ባጉን (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰውን) ይዞ ሳየው ነው የገባኝ።

እዛ ያለው አሰራር "ዝግ አይሲዩ" የሚሉት ነው። ማለት የኩላሊት ሀኪም ይመጣል፣ የልብ ሀኪም ይመጣል፣ ያያሉ ሀሳባቸውን ይሰጣሉ፣ ግን ትእዛዝ የሚጽፈው የአይሲዩው ቡድን ብቻ ነው፣ ከቡድኑ ላይ ደሞ የመጨረሻ ቃል ያላት አንድ ሰው አለች። የመጀመሪያው "ክፍት" የሚባለው ነው፣ ማንም የራሱን በሽተኛ አስገብቶ ከውጪ ሆኖ የሚያዝበት። ክፍት የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፣ እርስ በርስ የሚነጋገሩ ሀኪሞች ያሉበት ቦታ ሊሰራ ይችላል፣ እኔ ያየሁት ግን የማይነጋገሩትን ነው።

ራውንዱን አንድ ጠዋት በመስታወቱ አይቼዋለሁ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፁም ይሰማል። አልጋው ስር ሀላፊዋ ሀኪም፣ አንድ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ሀኪም)፣ ሁለት ጂፒ፣ የፋርማሲው ልጅ፣ ፊዚዮቴራፒስቱና አክስቴን የያዘችው ነርስ ቆመዋል። መጀመሪያ የተናገረችው ነርሷ ናት። ሌሊቱን ሽንቷ ስንት እንደሆነ፣ ትኩሳቷ መቼ እንደተነሳ፣ ጀርባዋ ላይ መቅላት እንደጀመረ፣ አክታው ቀለሙ እንደተቀየረ ተናገረች፣ ማንም አላቋረጣትም። ከዛ ሬዚደንቱ፣ ከዛ ፋርማሲው "ይሄ አንቲባዮቲክ ለኩላሊቷ መጠኑ ይቀነስ" አለ፣ ሀላፊዋም ሬዚደንቱን አየችና "ትክክል ነው፣ አስተካክለው" አለችው። መጨረሻ ላይ "ዛሬ ከእትዬ ምን እንፈልጋለን?" ብላ ጠየቀችና ማደንዘዣው ይቀነስ፣ ራሷ መተንፈስ ትችል እንደሆነ ይታይ፣ ጀርባዋ በየሁለት ሰአቱ ይገላበጥ፣ የአንገቷ ካቴተር (ደም ስሯ ውስጥ የገባው ቱቦ) ያስፈልጋል አያስፈልግም ይወሰን ተባለ። ነርሷ ይሄንን በትልቁ ጽፋ አልጋው ራስጌ ለጠፈችው። ማታ የሚገባው ሺፍት ያንን ወረቀት እያነበበ ነው ርክክብ የሚያደርገው። እኔም ከዛ ቀን በኋላ እንደገባሁ ከአክስቴ ፊት ቀጥሎ የማየው እሱን ወረቀት ሆነ።

አሁን ደሞ ለኔ አራቱን ኮከብ ያስገኘላቸውን ነገር ልንገራችሁ። የአንገቷ ካቴተር መቀየር ነበረበት፣ ለዛ የተጠራው ስሙ የገነነ ሲኒየር ነው፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ሲገባ ሁሉም ብድግ የሚልለት። ሰውዬው ቸኩሏል፣ ጓንት አደረገና ወደ አንገቷ ሊጠጋ ሲል የአይሲዩዋ ሄድ ነርስ፣ ቀጭን ናት ድምጿም ቀጭን ነው፣ "ዶክተር ይቅርታ፣ ጋውንና ማስክ ይቀራል፣ ሙሉ ሽፋኑም አልተዘረጋም፣ አቁመን እንጀምር" አለችው። ሰውዬው ዞሮ አያት። እኔ በመስታወት ሆኜ ላብ አሰመጠኝ፣ በቃ አለቀላት አልኩ። ሀላፊዋ ሀኪም ከወዲያ ሆና ከምትጽፈው ቀና ብላ "ሲስተር ያለችው ነው ዶክተር፣ የቤቱ ህግ ነው" አለች፣ በዛው ቀና እንዳለች ቀረች፣ እስኪለብስ ድረስ አላጎነበሰችም። ሰውዬውም እያጉረመረመ ለበሰ። ከዛ ስራው በሰላም አለቀ፣ ሲወጣም ሄድ ነርሷን "አመሰግናለሁ" ብሏት ነው የወጣው፣ ይሄንንም መናገር አለብኝ።

ይሄንን ለአጎቴ ልጅ ስነግራት ሳቀች፣ እነሱ ጋ የታወቀ ነገር ነው አለችኝ። እዛው ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዶክተር ፒተር ፕሮኖቮስት የሚባል የአይሲዩ ሀኪም አጭር ዝርዝር አዘጋጀ፣ ካቴተር ከመግባቱ በፊት እጅ መታጠብ፣ ቆዳውን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ሙሉ ሽፋን መልበስ፣ ከተቻለ ብሽሽት ላይ አለማስገባት፣ የማያስፈልገውን ካቴተር ቶሎ ማውጣት፣ አምስት ነገር ናት። ዝርዝሩን ሁሉም ሀኪም ያውቀዋል፣ አዲሱ ነገር ሀኪሙ አንዱን ከዘለለ ነርሷ ማስቆም ትችላለች መባሉ ነው፣ አስተዳደሩም ከኋላዋ ይቆማል። ከዛ ሚሺጋን ውስጥ ከመቶ በላይ አይሲዩዎች ላይ ሞከሩት፣ በፈረንጆቹ 2006 ውጤቱ ሲወጣ በካቴተር የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 በመቶ ቀንሷል። ለዚ ሁሉ የገባ አዲስ ማሽን የለም።

ማታ ማታ ኮሪደር ላይ እንቅልፍ ሲያጣኝ ስልኬ ላይ ሳነብ የአይሲዩ አጀማመር ራሱ እንደዚ ሆኖ አገኘሁት። በፈረንጆቹ 1952 ኮፐንሀገን ላይ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ፣ ብሌግዳም የሚባለው ሆስፒታል መተንፈስ ያቃታቸው ህጻናት ሞሉት፣ የሚያስተነፍስ ማሽን ደሞ ለቁጥር ያህል ነው ያለው፣ መጀመሪያ ከገቡት 31 ከባድ በሽተኞች 27ቱ በሶስት ቀን ውስጥ ሞቱ። የሆስፒታሉ አለቃ ፕሮፌሰር ላሰን ነው፣ የኢንፌክሽን ሀኪም። ቢዮርን ኢብሰን የሚባል አንስቴዢያ ሀኪም ተጠራ፣ የዛን ጊዜ አንስቴዢያ ማለት ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ማደንዘዝ እንጂ ከዛ ውጪ ማንም አይሰማውም። ኢብሰን አንዲት የ12 አመት ልጅ ጉሮሮዋ ላይ ቀዳዳ አስከፍቶ በቱቦ ሳንባዋን በእጅ በሚጨመቅ ባግ አስተነፈሳት፣ ልጅቷ ተረፈች። ከዛ 1500 የሚሆኑ የህክምናና የጥርስ ህክምና ተማሪዎች በሺፍት እየተቀያየሩ ቀንና ሌሊት በእጃቸው ባግ ይጨምቁ ጀመር፣ ሞቱም ወደ 25 በመቶ አካባቢ ወረደ። ሁሉም ኢብሰንን ነው የሚያነሳው፣ ይገባዋል፣ በቀጣዩ አመት 1953 መጨረሻ ላይም አይሲዩ የሚባለውን የከፈተ እሱ ነው። እኔን ግን የገረመኝ ላሰን ነው። በገዛ ሆስፒታሉ፣ በገዛ በሽተኞቹ ላይ፣ ከሌላ ሙያ የመጣን ሰው "እሺ ሞክር" ማለት፣ እኛ ሀገር ስንቱ ሲኒየር ያደርገዋል? ልክ ነኝ አይደል?

በኮቪድ ጊዜ፣ 2020 ላይ ሚሊኒየም አዳራሽ የህክምና ማእከል ሲሆን ሁላችንም አፋችን ላይ የነበረው የቬንትሌተር ቁጥር ነው። ማን ያዘዋል፣ ማን ሌሊት ዘጠኝ ሰአት ላይ ቁጥሩን ይቀይራል ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። አሜሪካ ቬንትሌተሩንና የበሽተኛውን አተነፋፈስ የሚከታተል ሪስፒራቶሪ ቴራፒስት የሚባል ባለሙያ አለ፣ እኛ ጋ ያንን የሚሰራው ነርሱና አንስቴቲስቱ ናቸው፣ ከሌላው ስራቸው ጋር ደርበው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢመርጀንሲና ክሪቲካል ኬር ስፔሻሊቲ የከፈተው በፈረንጆቹ 2010 ነው፣ ትናንት ማለት ነው። ስለዚህ ለአይሲዩ ብሎ የተማረ ሀኪም የሚመራው ቦታ ካገኛችሁ እድለኛ ናችሁ። የሁለተኛው ሆስፒታል ሀላፊ ከነሱ አንዷ ናት።

የቤተሰብ ነገርም አለ። እኛ እንደምታውቁት በሀያ ሰው ነው የምንሄደው፣ አጎት አለ፣ የእድር ሰው አለ፣ የነፍስ አባት አለ፣ ሁሉም ሀኪሟን ኮሪደር ላይ ይዞ ለየብቻ መጠየቅ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ሀላፊዋ "ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምረጡልኝ፣ በየቀኑ ዘጠኝ ሰአት ላይ እሱን ቁጭ አድርጌ እነግራለሁ፣ ለሌላው እሱ ይንገር" አለች። አጎቴ አኮረፈ፣ ግን ሰራ። በየቀኑ በሰአቱ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ቆማ አታወራም። አጎቴ አንዴ "ክፉ ክፉውን ለሴቶቹ አትንገሪያቸው፣ ለኔ ብቻ በይኝ" ሲላት "ጋሼ ልክ ኖት ከባድ ነው፣ ግን ልጃቸው ሳታውቅ እኔ ኩላሊት እጥበት ልጀምር አልችልም፣ እርሶም አጠገቧ ይሁኑላት" አለችው። ልትሞት እንደምትችልም ነገረችን፣ በግልጽ፣ ሳትቸኩል። የመጀመሪያው ሆስፒታል ውስጥ እኮ ሁሌ መልሱ "እግዚአብሄር ያውቃል፣ ደህና ናት" ነበር።

ጸበል ላይ ደሞ ሄድ ነርሷን አደነቅኳት። አባ ጸበል ይዘው መጡ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጠርሙሱን ከፍቶ ሊረጭ ተዘጋጅቷል። "አባቴ ይባርኩኝ" ብላ መስቀል ተሳለመችና "ግንባራቸው ላይ በጣት ያድርጉላቸው፣ ቱቦውና አንገታቸው አካባቢ ግን አይሆንም፣ ማጠጣት ደሞ ጭራሽ" አለች። እጃቸውንም አስታጥባ ነው ያስገባቻቸው፣ አባም እሺ አሉ። ጭቅጭቅ የሚነሳበት ነገር በሁለት ደቂቃ አለቀ።

አምስተኛውን ኮከብ ለምን ቀነስኩ? እሁድ። እሁድ ሀላፊዋ የለችም፣ ሰው ናትና ትረፍ፣ ግን እሷ ስትጠፋ ራውንዱም አብሮ ያጥራል። የአልጋው ራስጌ ወረቀት እሁድ ከሰአት ገብቼ ሳየው የቅዳሜን ቀን ነው የያዘው። ፊዚዮቴራፒስት አልመጣም። የያዘው ጂፒ ትሁት ልጅ ነው ግን ቁጥር ከመቀየሩ በፊት ለሁሉም ነገር ይደውላል፣ ስልክ እስኪነሳ እንጠብቃለን። አንድ ሰው ላይ የቆመ ነገር ሰውየዋ ወጣ ስትል እንደሚንገዳገድ አስተዳደሩ ማወቅ ነበረበት፣ ምክትል ማሰልጠን እኮ የሀላፊ ስራ ነው፣ እሷንም ጭምር እወቅሳለሁ በዚ። ሌላው ነርሶቹ ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ። ሁለት በሽተኛ ብቻ ነው የሚይዙት፣ ጥሩ ነው፣ ግን አንዷ ጎበዝ ነርስ ወረቀቷ ሊያልቅላት እንደሆነ ለአክስቴ ልጅ እየነገረቻት ነበር፣ ወደ ገልፍ ልትሄድ ነው። ደሞዛቸውን ሰምቼ ምን ልበላት?

አክስቴ ከማሽኑ ወርዳለች፣ ዋርድ ወጥታ ከዛም ቤት ገብታለች፣ ኩላሊቷ እየተመለሰ ነው፣ ጨው አልባ ምግብ ሰልችቷት ከሰራተኛዋ ጋር ትጣላለች። ተመስገን።

ለምትገቡ ሰዎች የሚሆን፦ ካሸር ጋ ከመድረሳችሁ በፊት አይሲዩ በር ላይ ሄዳችሁ ያገኛችሁትን ነርስ "የዚ ክፍል ሀላፊ ሀኪም ማነው፣ ሌሊትስ?" በሏት። ወዲያው ስም ከጠራችላችሁ ጥሩ ነው፣ "የማን በሽተኛ ናቸው እሱ ነው የሚያያቸው" ካለቻችሁ ሌላም ቦታ ጠይቁ፣ ጊዜ ካላችሁ ማለቴ ነው፣ ከሌላችሁ ግቡና ከሚያዩት ሀኪሞች አንዱን ዋና ሁንልን ብላችሁ ያዙ። እሁድ ማን እንዳለም አርብ ላይ ጠይቁ። የሂሳብ ቢሉን በየቀኑ ዝርዝር አድርጋችሁ ተቀበሉ፣ እኛ መጨረሻ ላይ በአንድ ላይ ሲሰጡን የአንዳንዱን እቃ ምንነት የሚያስረዳ ሰው አላገኘንም፣ ለኮከቡ ባልቆጥረውም። መድሀኒት ከውጪ ግዙ ሲሏችሁ የገዛችሁትን ለነርሷ አስፈርማችሁ አስረክቡ። አስታማሚ የሚያድርበት ክፍል የላቸውም፣ ኮሪደሩ ደሞ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ፣ መኪና ማቆሚያም ስለሌለ በራይድ ሂዱ።